ብረቱንም እንሥራው

«ፕሮግራም የሚጽፍ ፕሮግራሙን ይጻፍ፤ ብረቱን፣ ሃርድዌሩን፣ ለብረት ሠሪ ይተው» አልከኝ፣ ያውም ዓለም ጤና ላይ፣ ሽንኩርት ከሚጫንበት መንገድ ዳር ቆመህ! ወንድሜ፣ እንዲህ ለማለት ቦታ አልመረጥክም።

እስቲ ከኋላህ ያለውን ማሳ ዞር ብለህ እየው። ገበሬው እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ 8028 ደውሎ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ የእርሻ ምክር ይሰማል። ተራ ስልክ ይበቃዋል፤ ደግ ሥራ ነው። ስልኩ ግን አፈሩ ይጠማ ይጥገብ አያውቅም። የዚህ የቦራ ወረዳ ሽንኩርት አምራች ውኃ የሚስበው በፓምፕ ነው፤ ሳያስፈልግ ካጠጣ ነዳጁ ይቃጠላል፣ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል። ለዚህ ሰው የሚረባ ፕሮግራም አፈር ውስጥ የሚተከል የእርጥበት መለኪያ ይፈልጋል። ያለ መለኪያው ምክሩ ግምት ነው።

«ከቻይና ይገዛላ!» ይገዛል። በሌላ ሰው ልክ የተሠራ ዕቃ ምን እንደሚያደርግ ግን የአማርኛን ታይፕራይተር ጠይቅ። ፊደላችን ከ200 በላይ፣ የማሽኑ ቁልፍ ጥቂት። ማን ተቆረጠ? ፊደሉ! አካሉ አንድ ጊዜ፣ ቅጥያው ሌላ ጊዜ እየተመታ ስንት ዘመን ጻፍን። ማሽኑ ንቅንቅ አላለም።

«ማይክሮሶፍት የከበረው በሶፍትዌር ብቻ ነው» ትለኛለህ ደግሞ። እሱስ ገና በ1980 ብረት ሸጧል! ብዙዎቹ ፕሮግራሞቹ የሚሠሩት ዜድ80 በተባለው ቺፕ ላይ ነበር፤ የአፕል 2 ኮምፒውተር ቺፕ ደግሞ ሌላ ነው። ሁሉንም እንደገና ከመጻፍ ይልቅ ዜድ80 የተገጠመበት ካርድ ሠርቶ «ይህን አፕልህ ውስጥ ሰካው» አለ። ሶፍትካርድ ይባላል። ሰዉም ገዛው።

«በኖኪያስ አልከሰረም?» ከስሯል፣ አልክድህም። የኖኪያን የስልክ ሥራ በ2014 ጠቅልሎ ገዝቶ በቀጣዩ ዓመት 7.6 ቢሊዮን ዶላር ከመዝገቡ ሰረዘ። ልዩነቱን ግን ልብ በል፦ በ1980 ለፕሮግራሙ የጎደለውን አንድ ነገር ሠራ፤ በ2014 አይፎንና አንድሮይድ ገበያውን ከተከፋፈሉት በኋላ የሰው ፋብሪካ ተሸከመ። እኔ የምልህ የመጀመሪያውን ነው።

«ገንዘቡስ ከየት?» ፋብሪካ ማን ጠየቀህ? አፈር ውስጥ የሚገባ ዘንግ፣ አንዲት ቦርድ፣ ባትሪ፣ የስምጥ ሸለቆን ሙቀትና አቧራ የሚችል ሳጥን፣ መብራት ሲጠፋ ልኬቱን የማይረሳ፣ ገበሬውን በአፋን ኦሮሞ የሚያናግር። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮኒክስ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ከእነሱ ጋር በሞጆ በኩል ወርደው የመጀመሪያውን ዘንግ እዚሁ ማሳ ላይ ይትከሉት። ሲበላሽ የሚጠግነው፣ ሲሳሳት የሚያርመው ራሱ የሠራው ሰው ይሆናል። አንተም በዚያን ቀን ሽንኩርት ልትጭን ስትመጣ ጎራ በልና ጠይቃቸው፤ ብረቱን ለምን እንደሠሩት ገበሬው ራሱ ይነግርሃል።