እግረ መንገዳችንን

አሮጌ መኪና ላይ ያገለገለ ሞተር መግጠም ወረቀት ላይ ሲሰላ የሚያስቀና ቁጠባ ነው። ሌላ መኪና መግዛት አይታሰብም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን የባለጸጋ ሥራ አድርጎታል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ያለችውን መኪና እንደ ወላጅ ይጦራታል። እኛ ዘንድ ያለችው የአጎቴ ሂሉክስ ናት።

አጎቴ ሱሉልታ ነው የሚኖሩት። ከአካባቢው ወተት ሰብስበው በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ያደርሳሉ። መኪናዋ የ80ዎቹ ሞዴል ፒካፕ ናት፤ ኮፋኖዋ ሥር የነበረውም ቱ ኤል የሚባለው የ2,446 ሲሲ ናፍጣ ሞተር ነው። ጠንካራነቱን ዓለም መስክሮለታል። ቶፕ ጊር የተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፕሮግራም በ2003 እ.ኤ.አ. አንዲት የ1988 ሞዴል ናፍጣ ሂሉክስ ወስዶ ባሕር ውሃ ውስጥ ዘፈቃት፤ በእሳት ለኮሳት፤ በመጨረሻም ሊፈርስ የተዘጋጀ ሕንፃ አናት ላይ አውጥቶ ሕንፃውን ከሥሯ አፈረሰው። ከፍርስራሹ ጎትተው ሲያወጧት ተነሳች። ፈረንጆቹ ብዙ ነገር አስበዋል፤ ለአጎቴ ሰጥቶ ማየት ግን አልመጣላቸውም።

አጎቴ በወጣትነታቸው የአሰብ መንገድ ረዳት ነበሩ፤ ያውም ተሳቢ በሚጎትት ፊያት ኤን ትሬ ላይ። ከ10 ሊትር በላይ በሆነ ሞተር ያደገ ሰው ባለ 2.4 ሊትሩን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ሲጠጋ «ይውጣ፤ የወጣ ሁሉ ይወርዳል» ይላሉ። ራዲያተሩ ሲያንጠባጥብ ደግሞ ውሃ መጨመር እንጂ ማስጠገን የሚባል ነገር አያውቁም። ታዲያ አንድ ቀን ቀስቱ ወጥቶ ቀረ።

መካኒኩ የዘይት መለኪያውን መዘዘና ተመለከተው። ጫፉ ላይ ያለው ነገር ነጭ ነው።

«አጎትህ የሚጭኑት ምንድን ነው?» አለኝ።

«ወተት።»

«ሞተሩም ጀምሯል።»

ቴስታታው ተሰንጥቆ ውሃው ከዘይቱ ተቀላቅሏል። የእነዚህ ሞተሮች ነውር ይኸው ነው፤ ከመጠን በላይ ሲሞቁ ቴስታታቸው በቫልቮቹ መሀል ይሰነጠቃል። ማስበየድ ይቻላል፤ የተበየደ ቴስታታ ዋስትናው ግን ከበያጁ በር እስከ ዋናው አስፋልት ነው። ሬትፊካ አስገብቶ ከነፒስቶኑ፣ ከነፋሻው፣ ከነብሮንዚኑ ማደስም ይቻላል። የዚያን ሂሳብ መካኒኩ ሲያነብልን አጎቴ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ስለ አየሩ ጠየቁት። የቀረው ያገለገለ ሞተር መፈለግ ነው። ስሪ ኤል የሚባለው የ2,779 ሲሲ ታላቅ ወንድሙ ከነባሩ ካምቢዮ ጋር ሳይቆረጥ ሳይበየድ በራሱ ቀዳዳ ይገጥማል።

የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ የገባ ሰው መኪና ስንት ቦታ ሊበተን እንደሚችል ያያል። አንዱ በር ብቻ ይሸጣል፤ አንዱ ፍሬቻ፤ አንዱ የመሪ ዘንግ። ሞተሮች አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ገዢ ይጠብቃሉ። ሞተር የሚሸጥ ሰው የትም ይሁን የት የሚነግራችሁ ነገር አንድ ነው፦ ቀጥታ ከዱባይ ነው፤ ብሎኑ አልተፈታም፤ ጠዋት አንድ ሰው ቀብድ ሊከፍልበት ነበር።

የእኛ መካኒክ አፍ አይሰማም፤ እጁን ነው የሚልከው። መጀመሪያ ሞተሩን ይዳስሳል። ለብ ካለው ይተወዋል፤ «ከመምጣታችን በፊት አስነስተውታል» ይላል። የሞቀ ናፍጣ ሞተር ቢደክምም ይነሳል፤ ጉዱ የሚታየው ቀዝቅዞ ሲያድር ነው። ቀጥሎ ቀለሙን ያያል። ሳይነካ የኖረ ሞተር የዘመኑ አቧራና ዘይት አለበት፤ ብርማ ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ከሆነ የሚደብቀው አለው። ከጋርኒሲዮኑ ጎን ቀይ ሲሊኮን ካፈተለከ ያ «ያልተፈታ» ብሎን ስንት እጅ እንዳየ ይታወቃል። የሞተሩ ቁጥር በሞላ ከተፋቀ ዋጋውን እንኳ አይጠይቅም። ይህን ሁሉ ያለፈውን ካንዴሌታውን ፈትቶ ኮምፕሬሽኑን ይለካዋል። ጤነኛ ስሪ ኤል በካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎ ገደማ ይገፋል፤ ከ20 በታች ከወረደ የሚሸጠው በብረትነቱ ነው።

አጎቴ ከዚህ ሁሉ ትምህርት የቀለሙን ወደዱት። ከዚያ በኋላ የተቀባ ሞተር ባዩ ቁጥር ሻጩ እየሰማ «ይህችም ተኳኩላለች!» ብለው ማለፍ ጀመሩ። እኔ ከኋላ ከኋላ ይቅርታ እየጠየቅኩ እከተላለሁ።

የተስማማንበትን ሞተር ያገኘነው ከዚያ ርቆ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ያልተቀባ፣ ቀዝቃዛ፣ ቁጥሩ የሚነበብ፣ ዲክላራሲዮን ያለው። ክርክሩን አጎቴ ያዙት። «ቀንስ» አሉት። ሻጩ በትሕትና ቀነሰና ልጁን ጠርቶ ዲናሞውን አስፈታው። «አሁንም ውድ ነው» አሉ። አሁንም ቀነሰ፤ ሞተሪኖው ወረደ። አጎቴ ድሉ ጣፍጧቸው ወደ ሞተሩ ዞር ብለው አላዩም፤ እኔ ሳይ ግን ዋጋው በቀነሰ ቁጥር ሞተሩም እየቀለለ ነው። ልጁ የናፍጣ ፖምፓው ላይ ቁልፍ ሊያስገባ ሲል መካኒኩ ጮኸ፦

«አባባ፣ ይብቃዎት! ትንሽ ከገፉበት በነጻ ይሰጠናል፤ የምንወጣው ግን ባዶ እጃችንን ነው!»

ደግነቱ የአሮጌው ሞተር ዲናሞና ሞተሪኖ ደህና ነበሩ። አጎቴ ይህን እስከ ዛሬ የሚያወሩት አስቀድመው አስበውበት እንደነበር አድርገው ነው።

ከእኛ መኪና የወረደው በካቴና፣ አዲሱ የወጣውም በዚያው ካቴና ነው፤ ካቴናው የተንጠለጠለው ሦስት የባሕር ዛፍ ግንዶች ጫፍ ላይ ነው፤ ግንዶቹን የያዘው የሰፈሩ ሰው ነው። ሞተር ሲንጠለጠል ያየ ኢትዮጵያዊ ዝም ብሎ አያልፍም። «ወደ ግራ!» ይላል አንዱ። «ኧረ ወደ ቀኝ!» ይላል መኪና ነድቶ የማያውቀው። የሰፈራችን ጡረተኛ መምህርም ብቅ ብለው ስለ ስበት ኃይል አጭር ማብራሪያ ሰጡን። ለሁሉም ምሳ የምናበላው እኛ ነን።

ሞተሩ ከሃይ ኤስ ሚኒባስ የወጣ ኖሯል። እዚያ ወንበር ሥር ጋደም ብሎ ስለሚኖር የዘይት መያዣውና ሱፖርቶዎቹ ለሂሉክስ አይሆኑም። ይህ እንኳ ቀላል ነው፤ ከአሮጌው ፈትቶ ማዛወር ነው። ከባዱ የመጣው መካኒኩ ባዶውን የሞተር ቦታ ጎንበስ ብሎ እያየ «እግረ መንገዳችንን…» ብሎ ሲጀምር ነው።

ችግሩ፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚለው ሁሉ ልክ መሆኑ ነው። ካምቢዮው ከሞተሩ ተለያይቷል፤ ፍሪሲዮን ለመቀየር ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፤ ነገ ቢያልቅ ይህ ሁሉ እንደገና ሊፈታ ነው። ይቀየር። ፍሪሲዮኑ ከተቀየረ ኩሽኔታው ምን አደረገ? እሱም ይቀየር። የታይሚንግ ቺንጋውን ቶዮታ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ ይላል፤ ይህኛው ስንት እንደሮጠ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ከተበጠሰ ደግሞ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ይላተማሉ። ማን ይከራከራል? የውሃ ፖምፓው ፊት ለፊት ቆሟል። ቱቦዎቹ ደርቀዋል። ራዲያተሩማ የቀደመውን ሞተር የገደለ ነው፤ እሱን ነባር ነው ብሎ ከአዲሱ ጋር ማኖር ግፍ ነው። መካኒኩ አንድም ጊዜ አላጋነነም፤ አንድም የማያስፈልግ ዕቃ አላስገዛንም። ቢያጭበረብረን ኖሮ ቢያንስ የምንቆጣው ሰው እናገኝ ነበር።

ሂሳቡን ደብተር ላይ የምትይዘው ባለቤቴ ናት። «ሞተር» ብላ የጀመረችው ገጽ ሲያልቅ ሞተሩ ራሱ ከድምሩ ሲሶ አልሞላም።

«የቀረው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«እግረ መንገድ ነው» አልኳት።

«እውነትም በእግራችሁ ብትሄዱ ይሻል ነበር» አለችና ደብተሩን ዘጋችው።

ስለ ዱባይ አንድ ነገር ልጨምር። ከገዛነው ሞተር ላይ አሮጌዎቹን ቱቦዎች ስናወርድ አንዱ በካላማንዳሪ ቁራጭ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ፣ በሽቦ ተጠፍሮ አገኘነው። መካኒኩ አገላብጦ አየው። «ዱባይ ላይ ቱቦ በካላማንዳሪ የሚያስር ሰው የለም» አለ። «ይሄ የሀገራችን ሰው እጅ ነው፤ ያውም ጎበዝ።» ሞተሩ ከባሕር ማዶ መጥቶ እዚሁ ዓመታት ከሠራ በኋላ ነው ለሁለተኛ ጊዜ «ከዱባይ የገባው»። የሚገርመው ኮምፕሬሽኑ አልዋሸም፤ ከ20 በጣም ርቆ ነበር። ሻጩ የዋሸን መዋሸት በማያስፈልገው ሞተር ላይ ነው።

መጀመሪያ ሲነሳ ግቢውን ሁሉ በጭስ ሸፈነው፤ ከዚያ ጠራ። አጎቴ ወተታቸውን ጭነው በእንጦጦ ሲወጡ ግን ከኋላቸው የሚመጣ መኪና እስኪጠፋ ድረስ ጥቁር ጭስ ለቀቀ። ሰው ሁሉ «ሞተሩ ሞቷል» አለ። አልሞተም። እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲቀንስ ናፍጣው ግን እንደ ልኩ ይረጫል፤ ያልተቃጠለው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። መካኒኩ ዳገቱ ላይ አስቁሞ የፖምፓውን የናፍጣ ብሎን በጥቂቱ መለሰው፤ ጭሱም ቀነሰ፤ ጉልበቱም አብሮ ትንሽ ቀነሰ። አጎቴ «ጣርማ በርን ያየች ኤን ትሬ እንዲህ አታለከልክም» ሲሉ ኤን ትሬ ጣርማ በርን ስትወጣ በእግር የሚሄድ ሰው ይቀድማት እንደነበር ራሳቸው የነገሩኝን አላነሳሁባቸውም።

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ማስቀየር ቀላል ሆነልን፤ ዲክላራሲዮኑን ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ተቀብለናል። ይህን ምክር በነጻ እሰጣለሁ፦ ወረቀቱ ነገ ይመጣል የተባለ ሞተር፣ ወረቀቱ ሲመጣ ይገዛል።

ቀሪው ነገር አሮጌው ሞተር ነው። ቴስታታው ቢሰነጠቅም ብሎኩና ኮሎው ደህና ስለሆኑ ለመለዋወጫ ይፈለጋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ ገዢ አገኘሁ ብሎ ደወለ። እሑድ ሱሉልታ ስደርስ አጎቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሞተሩን በናፍጣ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። አጠገባቸው የቀለም ብሩሽ አለ።

«መጣህ ልጄ? በል ቶሎ ከተማ ተመለስና ቀለም ግዛልኝ» አሉኝ።

«ምን ዓይነት ቀለም?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ብርማ።»