ያ ቦይ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ምግብ ቤት የሠራ ሐበሻ ሁሉ ስፓኒሽ ይችላል። ቢያንስ ይችላል ተብሎ ይታማል። ከፊት ትሪ ተሸክመን የምንመላለሰው እኛ ስንሆን፣ ከኋላ ምድጃውን የያዙት ሳልቫዶራውያን ናቸው። እነሱ ከ1980 እስከ 1992 ከዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነታቸው፣ እኛ ደግሞ ከደርግ ሸሽተን አዳምስ ሞርጋንና ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ጎረቤት ሆነን ቀረን። ጎረቤት ደግሞ ቋንቋህን ባይማር እንኳ ስድብህን ይማራል።

የወጥ ቤታችን አለቃ ስድሳን የተሻገረች ሳልቫዶራዊት ናት። ሁሉም «ኒኛ» ይሏታል። ኒኛ «ልጅት» ማለት ነው፤ በአገሯ ግን እኛ «እትዬ» እንደምንለው ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋትን ሴት «ልጅት» ብሎ የሚያከብር ሕዝብ በግሥ ቢያሾፍብን አይፈረድበትም።

«ኒኛ፣ ሁለት ሾርባ!» ስትላት «ያ ቦይ!» ብላ ትመልሳለች። ይህን የሰማ አዲስ ገቢ ሐበሻ መጀመሪያ የሚያየው ወለሉን ነው። የትኛው ቦይ ተደፍኖ ይሆን? ባለፈው ለአንዱ ጎረምሳ «አይ፣ ያ ቦይ ማለት አሁን እሄዳለሁ ማለት ነው» ብዬ ብተረጉምለት ይባስ ደነገጠ። «ሾርባ አዘዝኳት እንጂ መች ሂጂ አልኳት?» አለኝ።

ልጁ አልተሳሳተም። እኛ ስንጠራ «መጣሁ!» እንላለን። ስልክ ተደውሎልን አልጋ ውስጥ ሆነን እንኳ «እየመጣሁ ነው፣ ቦሌ ደርሻለሁ» እንላለን። ስፓኒሽ ግን «መምጣት»ን፣ ማለትም ቤኒርን፣ የሚፈቅደው ተናጋሪው ወዳለበት ቦታ ለሚደረግ ጉዞ ብቻ ነው። አንተ ወዳለህበት እኔ ከተንቀሳቀስኩ «እሄዳለሁ» ነው፤ ግሡ ኢር ይባላል። ዕቃም እንደ ሰው ነው፤ ሾርባውን ወደ አንተ ጠረጴዛ «አመጣልሃለሁ» አይባልም፣ «እወስድልሃለሁ» ነው። ትራኤር ሳይሆን ዬባር። ሐበሻ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ ራሱን በጠሪው ዓይን አይቶ፣ በሐሳቡ ደጁ ደርሶ «መጣሁ» ይላል። ስፓኒሽ ተናጋሪ ካለበት አይነቃነቅም። የትኛው ጨዋነት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ፤ የሚዘገዩት ግን ሁለቱም ናቸው።

ወደ ታላቁ ጦርነት ልግባ። ሴርና ኤስታር። እኛ «ነው» ብለን የምንገላገለውን ነገር እነሱ ለሁለት ከፍለውታል። መጽሐፎቹ «ዘላቂ ከሆነ ሴር፣ ጊዜያዊ ከሆነ ኤስታር» ይላሉ። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ቀብር ሄዶ የሚያውቅ አይመስለኝም። የሞተ ሰው በስፓኒሽ ኤስታር ነው። ወጣት ግን ሴር ነው! ወጣትነት ሲሸሽ እያየን ሴር፣ ሞት ንቅንቅ ሳይል ኤስታር። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ፣ ዲያቆን ነበር አሉ፣ «ትንሣኤ ሙታንን ስለሚያምኑ ነው» ብሎ ተርጉሞታል። ከመጽሐፎቹ የተሻለ ማብራሪያ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። እውነቱ፣ ሴር ማንነትን፣ ኤስታር ደግሞ የደረሱበትን ሁኔታ ይናገራል። ሞት ከለውጥ በኋላ የተገኘ ሁኔታ ነው።

ቦታ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከአለት የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላስታ ውስጥ «ናቸው» ለማለት ኤስታር ያስፈልጋል። ስምንት መቶ ዓመት አልተነቃነቁም፣ ግን ኤስታር። በአንድ ቅዳሜ ተጀምሮ የሚያልቅ ሠርግ ግን «የሚካሄደው እዚህ ነው» ሲባል ሴር ነው። ዕቃና ሕንፃ ኤስታር፣ ድግስ ሴር። የግሦቹ የዘር ሐረግ ቢጠየቅ፣ ኤስታር የመጣው «መቆም» ከሚል የላቲን ግሥ ነው፤ ሴር ደግሞ በከፊል «መቀመጥ» ከሚለው። አለቱ ቆመ፣ ሠርገኛው ተቀመጠ፤ እስከዚህ ይገባኛል። ሟቹን ማን እንዳቆመው ነው ያልገባኝ። በ1713 የተቋቋመው የስፓኝ የቋንቋ አካዳሚ «ያጠራል፣ ያጸናል፣ ያደምቃል» የሚል እንደ ሳሙና ማስታወቂያ ያለ መፈክር አለው፤ ይህችን ግን እስከ ዛሬ አላጠራትም።

ከሁሉ የምትፈራው ሴርና ኤስታርን የምታገናኘው «ብዌና» ናት፤ ጥሩ ማለት ናት። ከሴር ጋር ስትሆን ደግ ሰው ናት። ሾርባ ከኤስታር ጋር ብዌና ቢባል ጣፍጧል። ሴት ግን ከኤስታር ጋር ብዌና ከተባለች… ወንድሞቿ አለመኖራቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያ ስለ ቦዩ የደነገጠው ጎረምሳ፣ ኒኛ ምሳ በነጻ ስላበላችው ሊያመሰግን ከምድጃው ፊት ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ «ኡስቴድ ኤስታ ብዌና» አላት። ድስት የሚያጥበው ልጅ ውኃውን ዘጋ። ሽንኩርት የሚከትፈው ቢላውን አስቀመጠ። ኒኛ ጭልፋዋን ድስቱ ጠርዝ ላይ አሳርፋ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፣ ይህን ከሰማሁ ዘመን የለውም» ብላ ሌላ ሳህን ጨመረችለት። ጎረምሳው እስከ ዛሬ ሰዋስው የሚያጠግብ ይመስለዋል።

በሌላ በኩል እኛም በግሥ ድሆች ስለሆንን ሳይሆን ቆጣቢዎች ስለሆንን ብዙ ነገር ሸፍነን እንኖራለን። ዘመድ ሊጠይቅህ ይመጣል፤ እንዴት ነህ ብሎ ይጠይቅሃል፤ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ ሁለት መቶ ዶላር ይጠይቅሃል። በአማርኛ ሰውየው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሥራ ነው የሠራው። በስፓኒሽ ግን ቪሲታር፣ ፕሬጉንታር፣ ፔዲር ተብሎ ለሦስት ይከፈላልና ፔዲር ላይ ሳይደርስ በሩን መዝጋት ይቻላል። «ሚኒስትሩን አውቀዋለሁ» የምትለዋ ጉራችንም እዚያ አትሠራም። ኮኖሴር ካልክ ተዋውቀሃል፤ ሳቤር ማንነቱን ለሚያውቅ፣ ማለትም በቴሌቪዥን ላየው ሁሉ ነው። ጉረኛ ግሡን ሲመርጥ ይያዛል።

እኔ ግን ልቤን የሰጠሁት «ሆነ» የምንለውን ለሚተኩት ግሦች ነው። እነዚህ ለሐሜት የተፈጠሩ ናቸው። በአማርኛ «እከሌ እኮ ሀብታም ሆነ» ብትል ገና እንዴት ሆነ የሚለው ሊወራ ነው፤ ቡናው እስከ በረካ ይሄዳል። ስፓኒሽ ግሡ ውስጥ ፍርዱን ጨርሶ ነው የሚያወራህ። አሴርሴ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጥሮ ግሮ ነው። ቦልቤርሴ ካለ ጠባዩ ተለውጧል፤ ማበድም ትዕቢተኛ መሆንም በዚህ ነው የሚነገሩት። ፖኔርሴ ካለ ለጊዜው ነው፤ ተቆጣ፣ ቀላ፣ ደስ አለው፣ ያልፍለታል። ኬዳርሴ የቀረ ነገር ሲኖር ነው፤ ራሰ በራነት፣ መበለትነት፣ ዕውርነት፣ ይግረማችሁና እርግዝናም በኬዳርሴ ነው የሚገባው። ይኼኛው ለእኛ አይከብድም፤ «ሳያገባ ቀረ» ብሎ ለሚያማ ሕዝብ ኬዳርሴን ማስተማር አያሻም።

«ሜ ጉስታ»ም እንደዚሁ። አሜሪካኖቹ «ወደድኩት» ማለት ለምደው፣ የተወደደው ዕቃ ባለቤት ሆኖ ሲመጣባቸው ግራ ይገባቸዋል። እኛ ከእናታችን ጡት ጀምሮ «ደስ ይለኛል» ስንል ኖረናል። ራስ ምታትም «ራሴን ያመኛል» ነው፣ በእነሱም በእኛም። እዚህ ላይ አሜሪካዊ የክፍል ጓደኛ ካላችሁ ትንሽ ኩሩበት።

ኒኛ ደግሞ በተራዋ አማርኛ ጀምራለች። ሳህን ሲወድቅ ከእኛ የሰማችው የመጀመሪያ ግሥ «ተሰበረ» ነው። ሮምፔር የሚባለው ግሣቸው ሳህንም፣ ወረቀትም፣ ገመድም ስለሚችል እሷም በዚያው ቀጠለች። አንድ ቀን በማቀዝቀዣው በር ተይዞ የተተረተረ ሱሪዋን እያሳየች «ተሰበረ!» አለች። «ተቀደደ» አልናት። የሽርጧ ማሰሪያ ሲለቅ «ተቀደደ» አለች፤ «ተበጠሰ» አልናት። ወገቧን ይዛ ቆመች። ልብስ ይለበሳል፣ ጫማ ይደረጋል፣ ቀበቶ ይታጠቃሉ፣ ነጠላ ይከናነባሉ ስንላት ግን «እናንተ ናችሁ ስለ ሴርና ኤስታር የምታለቅሱ?» ብላ ፊቷን ወደ ድስቷ መለሰች። መልስ አልነበረንም።

ለጀማሪ ያለኝ ምክር አንድ ነው። ስፓኝ ውስጥ የታተመ መጽሐፍ ገዝታችሁ ከሆነ አውቶቡስ ለመያዝ «ኮኸር» በሉ ይላችኋል። ማድሪድ ምንም ችግር የለውም። በሜክሲኮ፣ በአርጀንቲናና በመካከለኛው አሜሪካ ግን ያ ግሥ ከአውቶቡስ ጋር የማይደረግ ነገር ነው፤ ኒኛም ለጎረምሳው ሳህን የጨመረችለት ምስጋና ስለሆነ ነው እንጂ ይህን ብታሰሟት ጭልፋው አይቀርላችሁም። «ቶማር» በሉ። በሃያውም የስፓኒሽ አገር አውቶቡስ ያሳፍራል።