«ለስላሳ ነው»፦ በጀማሪ ውስኪ ቀማሽ ፊት ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

ስለ ውስኪ በየጠረጴዛው ያልተባለ ነገር የለም፤ የትኛው ኦሪጅናል፣ የትኛው ፎርጅድ እንደሆነ፣ የማን ቡፌ ላይ ስንት ጠርሙስ እንደተደረደረ። ውስኪን ለመጀመሪያ ጊዜ ፉት በሚል ሰው ፊት ላይ የሚታየው ነገር ግን ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ያለመ ሲሆን የሚያነሳው መሠረታዊ ጥያቄ አንድ ነው፦ ጉሮሮው እየነደደ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ ያለ ሰው «ለስላሳ ነው» የሚለው ለምንድን ነው?

የናሙና አመራረጥ

ለናሙናነት የተመረጠው ጆኒ ዎከር ሬድ ሌብል ነው። ከቤተሰቡ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ በየግሮሰሪው ይገኛል፤ አስተናጋጁም ሁለቴ «ምን አሉኝ?» አይልም። እርግጥ «ዋጋው ዝቅ ያለ» የሚለው አገላለጽ የሚሠራው ለስኮትላንድ ሱቅ ነው። ያው ጠርሙስ ቀረጡን፣ ኤክሳይዝ ታክሱንና የባለግሮሰሪውን ሕሊና አልፎ አዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ሌላ የኑሮ ደረጃ ውስጥ ገብቷል። በዚህም ምክንያት ጥናቱ የተካሄደው በሲንግል ነው።

ታሪካዊ ቅኝት

እ.ኤ.አ. በ1820 ጆን ዎከር የተባለ አባቱ የሞተበት ጎረምሳ በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ፣ ኪልማርኖክ ከተማ ውስጥ ሱቅ ከፈተ። በዚያ ዘመን የብቅል ውስኪ ጠባዩ አይታመንም ነበር፤ ዛሬ የጣፈጠው ነገ ከሌላ በርሜል ሲቀዳ ሌላ ሆኖ ይመጣል። በ1830 አኒያስ ኮፊ የተባለ አየርላንዳዊ ያለማቋረጥ የሚያጣራ ረጅም ማጣሪያ ሠርቶ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ኮፊ ቀደም ሲል የኤክሳይዝ ሹም ነበር። ይህ ጥናት የኤክሳይዝ ሰዎች ለጠጪው የዋሉትን ሌላ ውለታ ፈልጎ አላገኘም።

በኮፊ ማጣሪያ ከስንዴ ወይም ከበቆሎ የሚወጣው ውስኪ ቀለል ያለ ነው። በመዳብ ጋን ሁለት ጊዜ የሚጣራው የገብስ ብቅል ውስኪ ደግሞ ጉልበተኛ ነው። በ1860 የወጣ ሕግ ሁለቱን መቀላቀል ሲያመቻች፣ በሌላ በኩል ፊሎክሴራ የተባለች ተባይ የፈረንሳይን ወይን ስትፈጅና ኮኛክ ሲጠፋ፣ ቅልቅሉ ገበያውን ወረሰው። የጆን ልጅ አሌክሳንደርም በጭነት ላይ ብዙ እንዳይሰበር፣ በትንሽ ቦታም ብዙ እንዲያዝ ጠርሙሱን ባለ አራት ማዕዘን አደረገው። ባዶው ጠርሙስ ዛሬ ፍሪጅ በር ላይ ውኃ ይዞ ለዓመታት የሚያገለግለው በዚሁ ንድፍ ብርታት ነው።

ከዚህ ቅኝት የምንወስደው ነጥብ፣ ቅልቅሉ የተሠራው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆንና ማንንም እንዳያስቀይም መሆኑን ነው። ይህን ያህል ሰው የደከመለትን መጠጥ ጀማሪው ፊቱን ሳያጨማድድ ሊቀበለው አለመቻሉ የጥናቱን አስፈላጊነት ያጎላዋል።

ግኝቶች

አንደኛ፦ ምርመራ። ተጠኚው ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ያነሳል፤ ያዞረዋል፤ «ቀለሙን አየኸው? የቆየ ነው» ይላል። የስኮትላንድ ውስኪ በኦክ በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት መቀመጥ፣ የአልኮል መጠኑም ከ40 በመቶ መውረድ የለበትም። ከውኃ በተጨማሪ ግን ለቀለም የሚሆን ካራሜል ጠብ ማድረግ በሕግ ተፈቅዷል። ስለዚህ ተጠኚው ያደነቀው ዕድሜውን ይሁን ካራሜሉን በዚህ ደረጃ መለየት አልተቻለም። ሬድ ሌብል ላይ ዕድሜ ስላልተጻፈ ጠርሙሱን መጠየቅም አይረዳም።

ሁለተኛ፦ ማሽተት። ተጠኚው አፍንጫውን እስከ ሥሩ ብርጭቆው ውስጥ ይከታል። አልኮሉ ቀድሞ ስለሚደርስ አፍንጫው ይደነዝዛል፤ ተጠኚው ግን «እምምም» ይላል። ባለሙያዎች አፋቸውን ገርበብ አድርገው ከብርጭቆው ጫፍ ላይ በስሱ ያሸታሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ግሮሰሪ ቢታይ ጉንፋን እንደያዘው ይገመታል።

ሦስተኛ፦ መቅመስ። ፉት ይላል። ቅንድቡ ይሰበሰባል፤ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ግራ ዓይኑ ከቀኙ ቀድሞ ይጨፈናል። ትን ሊለው ሲል ያፍነዋል፤ ደረቱ ብቻ አንዴ ከፍ ብሎ ይወርዳል። ከዚያ በተለመደው ድምፁ ሳይሆን በቀጭኑ፣ «ለስላሳ ነው» ይላል። ኮካ በተጨመረበት ብርጭቆ ላይ ምስክርነቱ ሙሉ በሙሉ እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

አራተኛ፦ የሊቁ ሚና። በየጠረጴዛው አንድ ሊቅ ይገኛል። ውጭ አገር ወንድም ወይም እህት አለው፤ «ብላክ ሌብል ነበር መቅመስ የነበረብህ» ይላል፤ ተጠኚው ወደ ውኃው እጁን ሲዘረጋ «ታበላሸዋለህ!» ብሎ ይይዘዋል። ለመረጃ ያህል፣ ውስኪ ቀላቃዮች ናሙናቸውን የሚያሸቱት የአልኮሉ መጠን ወደ 20 በመቶ እስኪወርድ ውኃ ጨምረውበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊድኑ ሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም፣ ጓያኮል የተባለው የጭስ ጠረን ያለው ንጥረ ነገር ውስኪው ሲቀጥን ወደ ላይኛው ገጽ፣ ማለትም ወደ አፍንጫ እንደሚቀርብ በኮምፒዩተር ስሌት አሳይተዋል። ሊቁ ይህን አላነበበም። የሊቁን ዓይን ቀርቦ ላየው ግን እሱም እንባ አቅርሯል።

አምስተኛ፦ ያልተጠበቀ ግኝት። አንዳንድ ተጠኚ፣ ሊቁ ስልክ ሊያነሳ ወጣ ሲል፣ ሁለተኛውን ጉንጭ በውኃ አቅጥኖ ከቀመሰ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይኼ ነገር በወይራ የታጠነ የጠላ ጋን አይሸትም?» ብሎ ይጠይቃል። ጠረጴዛው ይስቅበታል። ሆኖም ከተሰበሰበው መረጃ ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው። በቅልቅሉ ውስጥ ከሚገቡት የብቅል ውስኪዎች አንዳንዶቹ ብቅላቸው የሚደርቀው ከረግረግ ተቆርጦ በሚነድ ፒት በተባለ ብስባሽ ጭስ ነው። የሁለተኛው ጉንጭ ብልጫም የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያው አፍን ከማስደንገጥ ያለፈ ሥራ የለውም።

የጥናቱ ውሱንነት

ከሦስተኛው ዙር በኋላ የተሰጡ መልሶች ከትንተናው ወጥተዋል። በዚያ ሰዓት ሁሉም በሁሉም ነገር ተስማምቶ ነበር።

ማጠቃለያና የውሳኔ ሐሳብ

«ለስላሳ ነው» የሚለው ምስክርነት ስለ ውስኪው የሚናገረው የለም። ቀማሹ ፈተናውን እንዳለፈ ለጠረጴዛው የሚያስታውቅበት ነው። ጀማሪው አፍንጫ አላጣም፤ ያጣው የሸተተውን በሚያውቀው ስም ለመጥራት ድፍረት ነው። ስለሆነም፦ የመጀመሪያውን ጉንጭ ከቅምሻ አይቁጠረው። ውኃ ጠብ ያድርግበት። ጋን ከሸተተው ጋን፣ ቀረፋ ከሸተተው ቀረፋ፣ ስፒሪቶ ብቻ ከሸተተውም ስፒሪቶ ይበል።

ሊቁ ከሳቀ፣ ቀጣዩን ዙር እሱ እንዲያዝ በትሕትና ይጠየቅ። ይህ ጥያቄ በቀረበበት ጠረጴዛ ሁሉ ሳቁ ወዲያው ሲያቆም ታይቷል።