ከእርፍ ሸሽቼ

ጅቡቲ ላይ በሐምሌ ስልክ ሲጮህ መርዶ ነው ብዬ ነው የማነሳው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ፣ ኻምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን አፍ ውስጥ እየሞጀረ፣ ስልኩ በላብ ከጆሮ እየተንሸራተተ፣ ወሬ የሚያምረው ማን ነው? የእህቴ ልጅ ግን ከፎገራ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት ልከፍት ነው» አለኝ።

ክፈት! ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ፣ የለም፣ ልጆቹ በእጃቸው እየሠሩ ነው የሚማሩት አለኝ። ጥጥ ይፈትላሉ፣ ጭቃ ያቦካሉ፣ ጎመን ይተክላሉ። ሒሳቡም በጥጃና በጠጠር ነው።

እስቲ ፍረዱኝ። ይህን ሁሉ አባቴ በነጻ አስተምሮኛል፤ ያውም ኩርኩም መርቆ። ይኸው ትምህርት አንገፍግፎኝ አይደል ድሬዳዋ ወርጄ፣ ፈረንሳዮች በዘረጉት አሮጌ ባቡር እዚህ የጨው አገር የገባሁት? ያመለጥሁት ሥራ አሁን መዋጮ ተጨምሮበት ተከትሎኝ መጣ!

ልጁ ደግሞ አፍ አለው። አውራ አምባን ጠራብኝ። እነ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. እዚያው ፎገራ ያቆሙት መንደር፣ ወንዱ የሚፈትልበት፣ ሴቷ የምታርስበት፣ ሕፃናቱም መዋያ ያላቸው። በእኔ ጊዜ ወንድ ልጅ እንዝርት ሲያሾር ቢታይ ጠበል ነበር የሚወሰደው።

ይህ አልበቃ ብሎት አስፋው የምሩን አመጣ። እሱንስ አውቀዋለሁ፤ ከቡልጋ አዲስ አበባ መጥቶ፣ በ14 ዓመቱ ዛፍ ሥር ድሃ ልጆችን ማስተማር የጀመረ፣ ጃንሆይ መሬት ሰጥተውት አሠረ ሐዋርያትን ያቋቋመ ሰው ነው። ዱላ የሌለበት ትምህርት ቤት! ኋላም የእጅ ሥራ የሚማሩበትን «ሞያ»ን ጨመረበት፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የዓለም የሕፃናት ሽልማት ተሰጠው።

«ታዲያ» አልኩት፣ «ለአስፋው ጃንሆይ ነበሩለት። ለአንተ ማን አለልህ?»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ቆይቶ ገባኝ፤ ለካ ጃንሆዩ እኔ ነኝ።

ለአገር ቤት ሰዎች ጅቡቲ ያለ ሰው ሁሉ ወደብ የሚያከራይ ይመስላቸዋል። የሚከራይ ወደብ የለኝም! ባልባላ ሰፈር አንዲት ቆርቆሮ ቤት አለችኝ፣ እሷም በቀን ትጋግረኛለች። የዚህ ከተማ ፍራንክ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ጫቱ ሲገባ ተሰብስቦ ወደ ኢትዮጵያ ስለሚሄድ፣ አገሬን በዚያ በኩል በበቂ እረዳለሁ። (ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ።)

ያን ሥዕል ባይልክልኝ ኖሮ እዚህ ላይ እንለያይ ነበር። ለግድግዳ የሚሆን የእርሻ ዕቃ ሥሎ በዋትሳፕ ላከልኝ። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ማረሻ፣ እርፍ ብሎ ጽፏል። አለቀ። ድግር የለ፣ ወገል የለ፣ ምራን የለ! ቀንበሩን ከሞፈሩ በምን ሊያስረው ነው፣ በዋይፋይ? በሬዎቹ ወደ ጣና፣ ሞፈሩ ወደ ወረታ ሊሄዱ ነው። ይህን ይዞ የገበሬ ልጅ ፊት ሲቆም አያፍርም?

ደወልኩለት፤ በራሴ ካርድ። ከድግር ጀምሬ አንድ በአንድ አስጻፍኩት። ጽፎ ሲጨርስ፣ «ጋሼ፣ ለምን መስከረም ላይ መጥተህ ራስህ አታሳያቸውም?» አይለኝ መሰላችሁ! በዚህ ወገቤ? ለአርባ ንፍጣም? ያውም ያለ ኩርኩም?

አልሄድም። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄደው ባቡር ከነጋድ ጣቢያ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጎረቤቴን የጠየቅሁት እንዲያው ለጠቅላላ እውቀት ነው።