ግድቡ ቀደመ

ጂቲኤ 6 የሚባለው ጌም በመጀመሪያ «በ2025 ይወጣል» ተብሎ ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ወደ ሜይ 2026 ተሻገረ። ሜይም ሳይደርስ ወደ ኖቬምበር 19 ቀን 2026 ተገፋ። በዓለም ዙሪያ ያለ ጎረምሳ ሁሉ ጥርሱን ነከሰ። እኛ ግን የምንከፋበት ምክንያት አይታየኝም። ያ ቀን በኛ አቆጣጠር ኅዳር 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ለ2025 የተቀጠረ ዕቃ በ2019 እጃችን ከገባ ስድስት ዓመት ቀደመ እንጂ የት ዘገየ?

ይህን ለልጄ ነገርኩት። አልሳቀም።

ልጄ የተወለደው አዳማ፣ በ2006 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት፣ መስከረም 7 ቀን፣ ጂቲኤ 5 ለገበያ ወጣ። እነሆ አሁን የልጁ ድምፅ መጎርነን ጀምሯል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፍራንኮ አካባቢ ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ብሎ የሚጫወተው ግን ያንኑ እኩያውን ነው። ጌሙን ለማያውቅ አንባቢ፦ አንድ ሰው በጠራራ ፀሐይ መኪና እየነጠቀ፣ መንገደኛ እየገጨ፣ ፖሊስ እያስሮጠ ከተማ የሚያምስበት ነው። ባጃጅ የለበትም። ባጃጅ ቢጨምሩበት ኖሮ አዳማን ለማየት ከቤት መውጣት ባላስፈለገ።

ሒሳብ የማይወደው ይኸው ልጅ አንድ ቀን ደብተሩ ጀርባ ላይ ቁጥር ደርድሮ መጣ። ጂቲኤ 3 በ1994፣ ቫይስ ሲቲ በ1995፣ ሳን አንድሪያስ በ1997፣ አራተኛው በ2000፣ አምስተኛው በ2006፣ ስድስተኛው እግዜር ካለ በ2019። ልዩነቱንም አውጥቶታል፦ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ዐሥራ ሦስት። «ቀጥሎ ሃያ ስድስት ነው የሚሆነው። ሰባተኛው በ2045 ይወጣል። ያኔ እኔ 39 ዓመቴ ነው፣ አባዬ» አለኝ። የኔን ዕድሜ አልደመረውም፤ ጨዋ ልጅ ነው።

በነዚህ ዐሥራ ሦስት ዓመታት እኛ እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። አምስተኛው ሲወጣ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ገና እየተሠራ ነበር፤ ዛሬ እሱ ላይ ሆነን «ምነው ተንቀራፈፍክ» እያልን ሾፌር እንቆጣለን። ሁለተኛው የአዳማ የነፋስ ኃይል ጣቢያ 102 ተርባይኖቹን አቁሞ በ2007 ተመረቀ። የጅቡቲው ባቡር በ2009 ተመረቀ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ስካይሪም የሚባል ስመ ጥር ጌም አለ፤ የወጣው ኅዳር 1 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው ከዚያ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ነበር። ግድቡ በነዚያ ዓመታት ስንት ታማ! «አያልቅም» ያለ፣ «ቢያልቅም አይሞላም» ያለ፣ «ቢሞላም» ያለ ስንቱ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። የስካይሪም ተከታይስ? በሰኔ 2010 አንዲት አጭር ቪዲዮ አሳዩን። ተራራ ይታያል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ ስሙ ይጻፋል። እስካሁን ያለን ተራራው ነው።

የጌሞች መውጫ ለምን እንዲህ ተራራቀ ሲባል የሚሰጠው መልስ «ጌሞቹ ትልልቅ ሆኑ» የሚል ነው። ትልቅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለኔ የገባኝ በፈረስ በኩል ነው። ጂቲኤን የሚሠራው ሮክስታር በፈረንጆቹ 2018 ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የተባለ የካውቦይ ጌም አወጣ። ከአለቆቹ አንዱ እንደተናገረው ውስጡ 300,000 ዓይነት የሰውነት እንቅስቃሴና ግማሽ ሚሊዮን መስመር ንግግር አለ። ይህ ሁሉ ይቅር። በዚህ ጌም ውስጥ ፈረሱ ወደ በረዷማው ተራራ ሲወጣ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከኋላ እግሮቹ መካከል ያለው ንብረቱ በብርድ ይሸማቀቃል። ቆላ ሲወርድ መልሶ ይረጋጋል። አንድ የተማረ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ጠዋት ቢሮ ገብቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ይህን ሠርቷል። ሌላው ደግሞ በትክክል መሸማቀቁን ፈትሾ ፈርሟል።

ነገሩን ለሰፈራችን ባለጋሪ አጫወትኩት። አዳማ ባጃጅ ሳይወራት በፊት በጋሪ የምትንቀሳቀስ ከተማ ነበረች፤ ስለ ፈረስ ከእንዲህ ያለ ሰው በላይ የሚመሰክር የለም። ልጓሙን ሳብ አድርጎ አቆመና «ወንድሜ፣ ዕድሜዬን ከኋላው ተቀምጬ እንዲህ ያለ ነገር አስተውዬ አላውቅም» አለኝ። ጥቂት አሰበ። «ደግሞስ እዚህ ብርዱ የት አለ?»

በጂቲኤ 3 ጊዜ የሰዎቹ ጣቶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ነበር። ማንም አልጠየቀም። ስኮትላንድ፣ ኤደንብራ ያለ ቡድን ሠርቶ አወጣው፤ በዓመቱ ሌላ ከተማ ሌላ ታሪክ ይዞ ብቅ አለ። ዛሬ እያንዳንዱ ጣት ባለቤት አለው፤ ጥፍሩም የራሱ ሰው አለው። የጥፍሩ ሰው ከብርሃኑ ሰው ጋር፣ የብርሃኑ ሰው ከፀሐይዋ ሰው ጋር መስማማት አለበት። ለመስማማት ደግሞ መሰብሰብ ግድ ነው።

እዚህ ላይ አዳማ ለዓለም የምትናገረው አላት። የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚወርደው መሥሪያ ቤት ዕቅዱን የሚገመግመው፣ ረቂቁን «የሚያዳብረው» እዚህ ሆቴሎቻችን ውስጥ ነው። በር ላይ ባነር፣ አዳራሽ ውስጥ ፕሮጀክተር፣ ረፋድ ላይ ሻይ ቡና፣ መጨረሻ ላይ አበል። አንድ ሰነድ ዙሪያ ሁለት መቶ ሰው ሲቀመጥ የሚሆነውን ስናይ ኖረናል፦ ሁሉም ይናገራል፣ የሁሉም ሐሳብ «እንደ ግብዓት ይወሰዳል»፣ ሰነዱ ይወፍራል፣ ለቀጣዩ መድረክ ቀን ይቆረጣል። ከሬድ ዴድ ጀርባ የነበረው ሰው ደግሞ ከሺህ በላይ ነው። ስምንት ዓመት መፍጀቱ አይግረማችሁ፤ የአዳማ አስተናጋጅ ቢጠየቅ ገና በመጀመሪያው የሻይ ዕረፍት ይነግራቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ሰው ደሞዝ ይበላል። ምን ያህል እንደሚበላ ኩባንያዎቹ አይናገሩም፤ እኛ ያወቅነው በማርከር ስሕተት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን የተባለውን የጌም ኩባንያ ሊገዛ ሲል የአሜሪካ መንግሥት ፍርድ ቤት ከሰሰው። የፕሌይስቴሽን ሠሪው የሶኒ ሰነድ ለችሎቱ ቀረበ፤ ምስጢር የሆኑት ቁጥሮች በጥቁር ማርከር ተሠርዘው ነበር። ወረቀቱ ስካን ሲደረግ ቁጥሮቹ ከቀለሙ ሥር ፍንትው ብለው ታዩ። ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል ሁለት የተባለው ጌም የፈጀው 220 ሚሊዮን ዶላር፣ ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት የተባለው ደግሞ 212 ሚሊዮን ዶላር። ካሜራ ለዓለም የሚሸጥ ኩባንያ ገመናው በስካነር ወጣ።

እንዲህ ያለ ገንዘብ የቆመበት ሥራ ማንንም ፈሪ ያደርጋል። ዘ ላስት ኦፍ አስን የሚሠራው ኖቲ ዶግ ከ2007 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ለፕሌይስቴሽን 3 ብቻ አራት ትልልቅ ጌሞች አውጥቶ ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 እ.ኤ.አ. ከመጣ ወዲህ ግን ለገበያ ያቀረበልን የቀድሞዎቹን አጥቦና ተኩሶ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን አይመስለኝም። ዋናውን ያስረዳኝ ልጄ የሚያዘወትረው ፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጥቂት ቴሌቪዥኖች፣ በፕላስተር የተጠገኑ ጆይስቲኮች፣ አየሩን ከማመስ በቀር የማያበርድ ቬንትሌተር። ሕጉ አጭር ነው፦ ተሸናፊ ይከፍላል። አንደኛው ስክሪን ላይ ፔስ የተባለው የኳስ ጌም የፈረንጆቹ 2013 እትም ተከፍቷል፤ ሮናልዶ አሁንም ማድሪድ ነው፣ ጉልበቱም ደህና ነው። «አዲስ ጌም የማታመጣላቸው ለምንድን ነው?» አልኩት።

እንደ ሕፃን አየኝ። «ጋሼ፣ አሮጌውን እየተሰለፉ ከከፈሉኝ አዲስ የምገዛው ምን ሆኜ ነው?»

ይኸው ነው። ጂቲኤ 5 በወጣ በሦስት ቀኑ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ያንኑ ጌም በፈረንጆቹ 2013 ለፕሌይስቴሽን 3፣ በ2014 ለ4፣ በ2022 ለ5 ሸጡት፤ አንድ በሬ ሦስት ጊዜ ገበያ ወጣ ማለት ነው። በዚህ ላይ የኦንላይኑ ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ እውነተኛ ዶላር ከፍሎ የጌም ውስጥ ዶላር ይገዛል፤ በሐሰተኛው ዶላር ሐሰተኛ መኪና ይገዛል፤ መኪናውን ይገጨዋል፤ ተመልሶ ይገዛል። ብሔራዊ ባንክ እንዲህ ያለ ምንዛሪ ቢያገኝ ስንት ችግር በተቃለለ። ይህን የመሰለ ላም ያለው ሰው ጥጃ እስኪያድግ ምን ያስቸኩለዋል? የስካይሪም አለቃ ቶድ ሃዋርድም ስካይሪምን ደጋግመው ስለማውጣታቸው ሲጠየቅ፣ እንድናቆም ከፈለጋችሁ መግዛት አቁሙ የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጥቷል። ከፍራንኮው ቤት ባለቤት ጋር ተገናኝተው አያውቁም።

የኳስ ጌም ለብቻው ነው። ፊፋ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ሲወጣ ኖሯል፤ በ2023 ስሙን ወደ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ቢቀይርም ዓመት አልዘለለም። ማሊያ መቀየር ታሪክ መጻፍ አይደለማ። ትንንሾቹ ጌሞችም አልጠፉም። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የሠራው ኩኩሉ አለ፤ ወጥ ላለመሆን የምትሸሽ ዶሮ ናት። ግልጽ ዓላማ፣ ግልጽ ጠላት። ከየትኛውም ካውቦይ ይልቅ የሷ ጭንቀት ይገባኛል፣ በተለይ በበዓል ዋዜማ።

አሁን ያሳሰበን ሌላ ነው። ጂቲኤ 6 የሚመጣው ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለአዲሱ ኤክስቦክስ ብቻ ነው። የፍራንኮው ቤት ያለው 3 እና 4 ነው፤ ባለቤቱም «ልጆቼ ይሙቱ 5 አልገዛም» ብሏል። ስለዚህ የሰፈሩ ልጆች በኅዳር 2016 የመጀመሪያው ማስታወቂያ እንደወጣ እቁብ ጀመሩ። እቁብ ይሉታል እንጂ ዕጣ የለውም፤ ሁሉም ይጥላል፣ ሲሞላ አንድ ፕሌይስቴሽን 5 ይገዛና በየቤቱ በተራ ይዞራል። ዳኛው ልጄ ነው።

ችግሩ አልሞላ አለ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይወሰን ተባለ፤ በጥቂት ወራት ዶላር እጥፍ ሆነ፣ የማሽኑም ዋጋ አብሮ ሮጠ። ድሮ ማሽን ሲያረጅ ይረክስ ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 አሜሪካ ውስጥ 299 ዶላር ወጥቶ ዓመታት ቆይቶ 99 ገባ። 5ኛው ግን 499 ወጥቶ፣ በአምስተኛ ዓመቱ 549 ሆነ። ጌሙ ይዘገያል፣ ማሽኑ ይወደዳል፣ ልጆቹ ሁለቱን ከሻይ ገንዘባቸው እየቆነጠሩ ያሳድዳሉ።

ስለዚህ ሮክስታር ቀኑን በገፋ ቁጥር ዓለም ሲያለቅስ በኛ ሰፈር እልልታ ነበር። የመጀመሪያው መገፋት ጊዜ ልጄ እየዘለለ ገባ፤ እኔ የሆነ ፈተና ያለፈ መስሎኝ መረቅኩት።

ባለፈው እሑድ እቁቡ በኛ ሳሎን ጠቅላላ ጉባኤ ጠራ። ሻይና ዳቦ በኔ ወጪ ቀረበ። አጀንዳው አንድ ነው፦ ኅዳር 10 እየቀረበ ነው፣ ሣጥኑ ግን ገና ግማሽ አልደረሰም፤ ምን ይደረግ? ብዙ ተባለ፣ ብዙ ግብዓት ተወሰደ። በመጨረሻ ለሮክስታር ደብዳቤ እንዲጻፍና ጌሙን ቢያንስ እስከ 2020 ፋሲካ እንዲያራዝሙልን በትሕትና እንዲጠየቁ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እንግሊዝኛ ስለምችል ደብዳቤውን እንዳረቅ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። አበል ይኖረው እንደሆነ ጠየቅኩ። ዳኛው የለውም አለኝ።