በትንሽ ብር አሮጌ ኮምፒውተር ስለማደስ

በትንሽ ብር ኮምፒውተር ማደስ የሚጀምረው የማይገዛውን ዕቃ ከመለየት ነው። ይህ ሥራ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚያልቅ እንጂ መርካቶ ተደርሶ የሚታሰብ አይደለም። መርካቶ የገባ ሰው ከመለየት ይልቅ መፈለግ ይቀናዋል።

ምርመራው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ታስክ ማናጀር ይከፈትና የትኛው ክፍል እንደተጨናነቀ ይታያል። በአሮጌ ማሽን ላይ ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ፣ ዲስኩ ብቻ 100 ፐርሰንት ላይ ተተክሎ ይገኛል። የቤቱ ባለቤት ግን ሐሜቱን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ሲጭን ከርሟል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለኤስኤስዲ ይውላል። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ገደማ ካነበበ ጎበዝ ይባላል፤ ተራው የሳታ ኤስኤስዲ እስከ 550 ይደርሳል። ትልቁ ልዩነት ደግሞ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን በማንሳት ላይ ነው። 256 ጊጋባይት ለዊንዶውስና ለቢሮ ሥራ ይበቃል። ሻጩ «ኤንቪኤምኢ ውሰድ፣ ይበልጥ ይፈጥናል» ቢል እውነቱን ነው፤ ነገር ግን የአራተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በፊት የነበሩ የቢሮ ማሽኖች በአብዛኛው መሰኪያው የላቸውም። ጆሮዋን ላልተበሳች ሙሽራ ጉትቻ መግዛት ይሆናል። ያገለገለ ዲስክ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሠራ ይታያል። «ካርቶኑ ዛሬ ነው የተከፈተው» የተባለለት ዲስክ 20,000 ሰዓት ሠርቻለሁ ብሎ ሲመሰክር ሻጭና ገዢ አብረው ይደነቃሉ፤ የሻጩ መደነቅ ትንሽ ይበልጣል።

ቀጥሎ ራም ነው። 8 ጊጋባይት ዛሬ የድህነት ወለል ነው፤ 16 ከተገኘ ደስታ ነው። ባለ 8 አንድ ከመሰካት ባለ 4 ሁለት መሰካት ይመረጣል፤ ማሽኑ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ያነብባቸዋል። ዲዲአር3 240፣ ዲዲአር4 ደግሞ 288 እግር ስላላቸውና ቁርጣቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በጉልበት ለማስገባት የሞከረ የለም ማለት ግን አይደለም። አደገኛው በትክክል የሚገባው ነው፦ ከሰርቨር የወጣ ሬጅስተርድ ራም ዋጋው ልብ ይሰርቃል፣ ቀጥ ብሎም ይሰካል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም።

ፕሮሰሰር ላይ ሲደረስ ንግግሩ እንዲህ ይሄዳል፦

«ወንድሜ፣ ይሄ ኮር አይ ሰቨን ነው።»

«ስንተኛ ጄኔሬሽን?»

«ኮር አይ ሰቨን ነው እያልኩህ!»

መልሱ ከሻጩ ሳይሆን ከቁጥሩ ይገኛል። አይ5-4590 የሚለው በ4 ስለሚጀምር አራተኛ ጄኔሬሽን ነው፤ አይ7-2600 ሁለተኛ ነው፤ አይ3-8100 ስምንተኛ። የ2011 እ.ኤ.አ. አይ7 በ2017 ከወጣው ከዚህ አይ3 ጋር ቢወዳደር በብዙ ሥራ ይሸነፋል። ማዕረግ በጡረታ አይቀጥልም። በዚያ ላይ የሦስተኛው ጄኔሬሽን ሶኬት 1155፣ የአራተኛው 1150 ነው። የአምስት እግር ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ክርክር አይቀበልም።

ገንዘብ የሚቀልጠው ግን ግራፊክስ ካርድ ላይ ነው፤ ልጁ ጌም ፈልጎ፣ አባት «ለትምህርት ነው» ተብሎ የሚገዛው ዕቃ። ከውጭ ቢሮዎች የሚመጡት ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ልከኛ ነው፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ታወር 290 ዋት ይዞ ይመጣል። ትልቅ ካርድ ልጨምር የሚል ሰው ፓወር ሰፕላይ ልለውጥ ሲል ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል። ገበያው ላይ ያለው ባለ 24 እግር መደበኛ ገመድ ሲሆን 9020 የሚቀበለው ባለ 8ቱን ነው። መቀየሪያ ገመድ አለ፤ እሱን ለማግኘት ግን መርካቶን ከጣና ገበያ እስከ ምዕራብ ሆቴል መዞር ሊያስፈልግ ይችላል። ብልሁ መንገድ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ በሚገኘው 75 ዋት የሚኖር ካርድ መፈለግ ነው፦ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ 60 ዋት፣ ጂቲ 1030 ደግሞ 30 ዋት ብቻ ይበላሉ። ሁለተኛው መንትያ አለው፤ ባለ ጂዲዲአር5ቱ ደህና ነው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣው ባለ ዲዲአር4ቱ ስሙን እንጂ ጉልበቱን አልወረሰም። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ካርዱም አጭሩ ዓይነት መሆን አለበት፤ አለዚያ ኬዙ ለዘላለም ክፍቱን ይኖራል።

ፓወር ሰፕላይ መለወጥ ግድ ከሆነ የሚታመነው እጅ ነው። «600 ዋት» የተጻፈበት ሳጥን በአንድ ጣት የሚንጠለጠል ከሆነ 600ው ያለው ስቲከሩ ላይ ነው። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ከኋላው ቀይ ማብሪያ ሊኖረው ይችላል፤ 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ እድሳቱ በጭስ ይጠናቀቃል።

ርካሾቹ መድኃኒቶች ይረሳሉ። አቧራ በብሎወር ማስነፋት፣ የደረቀ ቴርማል ፔስት መቀየር፣ የሰዓቷን ሲአር2032 ባትሪ መተካት። ባትሪዋ ስትሞት ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ላይ ከወደቀ «በሐበሻ አቆጣጠር ነው» ብሎ የሚያልፈው ባለቤት አይጠፋም።

ዋጋ መደርደሪያ ላይ አይጻፍም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ዋጋ ጨመረ፤ ከአሥር ዓመት በፊት ተመርቶ አቧራ የለበሰ ራም ሳይቀር በዛሬ ዶላር ይጠራል። ቀረጥ የከፈለው በየትኛው ዶላር እንደሆነ የሚጠይቅ ደንበኛ ሻይ ይጋበዛል እንጂ መልስ አያገኝም። ደረሰኝና የመሞከሪያ ቀናት ግን ከመክፈል በፊት ይጠየቃሉ፤ ዕቃውም እዚያው ተሰክቶ ይታያል።

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በመደበኛ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። ስድስተኛና ሰባተኛዎቹ ገና ሳይደክሙ ጡረታ የወጡ ናቸው። ሊኑክስ ለሚችል ሰው ከዚህ የተሻለ ግዢ የለም።

የወለቁት ዕቃዎችም ዋጋ አላቸው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ፎቶና ሰነዱ ከተጠረገ በኋላ ኬዝ ተገዝቶለት ኤክስተርናል ይሆናል። ራሙን እዚያው ሻጭ ዘንድ በልውውጥ መስጠት ይቻላል፤ ሻጩ ገልበጥ አድርጎ ያየውና ቅድም «ኦርጅናል» ሲለው የነበረውን ያንኑ ዓይነት ራም «ወንድሜ፣ ይሄማ አሁን ማን ይገዛዋል?» ይላል።