ሁለት ኪሎ መስታወት

ባለቤቴን ያስደነገጣት የሌንሱ ክብደት ነው። "ሁለት ኪሎ?" አለች፣ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ አቅፋ እየመዘነችው። "ለጋ ቅቤ ቢሆን ፋሲካን ያሻግረን ነበር!" ዋጋውን አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ የምታውቀው የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን በስጦታ እንዳመጣልኝ ነው። ያመጣውስ እሱ ነው፤ "በስጦታ" የምትለዋን ነው እኔ የጨመርኳት።

ጣጣው የመጣው ፎቶ አንሺ ጓደኛዬን "አውሬም ኳስም የሚያነሳ አንድ ሌንስ ምረጥልኝ" ያልኩት ቀን ነው። "ለእርሻም ለሰርግም የሚሆን አንድ ጫማ በለኛ!" ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ የቡና ሲኒዎቹን አሰልፎ ያስረዳኝ ጀመር። ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚሳበው፣ ኤፍ 2.8 የሚባለው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለሚደረግ ጨዋታ ነው፤ ብርሃን ይጠጣል። ከ150 እስከ 600 የሚሳበው ሩቁን ጎትቶ ያመጣል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ኤፍ 6.3 ስለሚሆን የሚያስገባው ብርሃን የፊተኛው ከሚያስገባው አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው።

"ሁለቱን ያጣመረ የለም?"

"600ን ለ2.8 አካፍል።"

በስልኬ አካፈልኩ። 214 ገደማ መጣ።

"እሱ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። የድስት ክዳን የሚያክል መስታወት ተሸክመህ ነው አውሬ የምታሳድደው?"

መሀል ላይ ያለውን፣ ከ100 እስከ 400 የሚሳበውን እንድወስድ መከረኝ። ልክ ነበር። እኔ ግን አንዴ 600 የሚለውን ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ 400 ሲሉኝ የተሸረፈ ዕቃ መሰለኝ።

ስሜን ተራሮች ሄድኩ። ሳንቃበር አጠገብ የጭላዳ መንጋ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ሣር ይነጫል። አንዱ ባለጎፈር አውራ፣ ደረቱ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ቀርቦኝ ተቀምጧል። የኔ ሌንስ ደግሞ ሦስት ሜትር ገደማ ካልራቀለት ፎከስ አይዝም። ዓይኔን ካሜራው ላይ ስደቅን የታየኝ ቡናማ ጉም ብቻ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። እሱም ሣሩን ተከትሎ አንድ ተንፏቀቀ። ደገምኩ፤ ደገመ።

"ጋሼ! ገደል!"

የፓርኩ ስካውት ጠመንጃውን እንዳነገተ ጃኬቴን ጨምድዶ ያዘኝ። "ምን ሆነው ነው ወደ ኋላ የሚሄዱት?"

"እንዲርቅልኝ ነው።"

ሌንሱን አየ፣ ጭላዳውን አየ፣ እኔን አየ። "እንዲቀርብልዎ አይደል እንዴ ይሄን ሁሉ የተሸከሙት?" ብሎ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ቀጭ አደረገው። ሳሎናችን የተሰቀለችው ፎቶ የእሱ ናት።

ዋልያ ግን አገኘሁ፤ ከእነዚህ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የሌለውን ዋልያ፣ ገደል ማዶ። በዓይን ነጥብ የነበረው በ600 ሲመጣ የቀንዱ ጉብታ ሳይቀር ይቆጠራል። ትንፋሼን ዋጥኩና ተጫንኩት። 600 ሚሊሜትር በእጅ ሲያዝ ሹተሩ ቢያንስ የሰከንድ 1/600 መሆን እንዳለበት ትዝ ያለኝ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ነው። በ1/60 ነበር ያነሳሁት። አንዱ ዋልያ ሁለት ሆኖ ወጥቷል፤ እንዲህ በቀላሉ የሚራባ ቢሆን ኖሮ የመጥፋት ስጋቱ ይቀር ነበር።

ኳሱንማ ተዉት። ልጄ ጎል ያገባው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ጎሉን ከእኔ ፎቶ ውስጥ ያገኘ እስካሁን የለም።

አሁን ሌንሱ ከነትራይፖዱ በረንዳችን ላይ ቆሟል፤ አራተኛ ፎቅ፣ አፍንጫው ወደ አስፋልቱ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣና ታጎነብስበታለች። ዙሙን ከእኔ ይልቅ እሷ ለምዳዋለች።

"ዳቦ ቤቱ ጋ ሦስት ሰው ብቻ ነው ያለው" ትለኛለች። "ቶሎ ውረድ።"